ቪላን ከቪላን አልገናኝ ሲል ከየት እንጀምር? አራት የፍተሻ መንገዶች ሲወዳደሩ

ሁለት ቪላን (በስዊች ላይ ተለያይተው የሚሰሩ የኔትወርክ ሰፈሮች) አለ እንበል። መሃላቸው ሌየር ስሪ ስዊች፣ ማለትም ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው ዳታ ማሻገር የሚችል ስዊች አለ። ቪላን 10 ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ይተያያሉ። ቪላን 20 ውስጥ ያሉትም እንደዚያው። ከ10 ወደ 20 ግን ወፍ የለም። የስዊቹ መብራት ሁሉ አረንጓዴ ነው። ኮንፊገሬሽኑም ሲያዩት እንከን አይወጣለትም።

እዚህ ጋ ሲደርስ ብዙ ሰው እጁ ላይ የመጣለትን ትዕዛዝ መምታት ይጀምራል። ፖርቱን ያጠፋል፣ ያበራል። የቪላኑን ኢንተርፌስ ሰርዞ እንደገና ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ስዊቹን ሪስታርት ያደርጋል። እኔም አድርጌዋለሁ። አንዳንዴ ይሰራል። ለምን እንደሰራ ስለማይታወቅ ግን በሳምንቱ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ፍተሻ የሚጀመርባቸው መንገዶች በጥቅሉ አራት ናቸው። አንዱ ከኬብሉ ተነስቶ ወደ ላይ መውጣት ነው። ሌላው ከመሃል፣ ማለትም ከጌትዌዩ (ከቪላኑ መውጫ በር) ጀምሮ ችግሩን ለሁለት መክፈል ነው። ሦስተኛው ቁጭ ብሎ ኮንፊገሬሽኑን ማንበብ፣ አራተኛው ፓኬቱን (በኔትወርኩ የሚጓዘውን ዳታ) ራሱን ይዞ ማየት። አራቱም ይሰራሉ፤ ግን ለሁሉም ዓይነት ምልክት እኩል አይሰሩም። የኔን ምርጫ ከአሁኑ ልናገር፦ ሌላ ፍንጭ ከሌለኝ ከመሃል ነው የምጀምረው። መቼ እንደምተወው ደግሞ እየሄድን እናያለን።

ለምሳሌነት አንድ ኔትወርክ እንያዝ። ቪላን 10 አድራሻው 10.1.10.0 ነው፤ ጌትዌዩ 10.1.10.1። ቪላን 20 አድራሻው 10.1.20.0፣ ጌትዌዩ 10.1.20.1። የሁለቱም ማስክ (የትኛው አድራሻ የአንድ ሰፈር እንደሆነ የሚለየው ቁጥር) 255.255.255.0 ነው። ሁለቱም ጌትዌዮች ያሉት ስዊቹ ላይ ነው። እነዚህን ነው ኤስቪአይ የምንላቸው። ኮምፒውተራችን 10.1.10.25፣ ሰርቨራችን 10.1.20.40 ይሁን።

ትዕዛዞቹን በሲስኮ አጠራር ነው የምጽፈው። ሌላ ስዊች ያላችሁ፣ ስሙ ቢለያይም ነገሩ ያው ነው። አንድ ቃል ላይ ብቻ ተጠንቀቁ። ሲስኮ ትራንክ የሚለው ብዙ ቪላን የሚያልፍበትን ፖርት ነው። በኤችፒ ፕሮከርቭና ከሱ በወረዱት የአሩባ ስዊቾች ግን ትራንክ ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ ኬብል እንደ አንድ መስመር ማሰር ነው። የሲስኮው ትራንክ እዚያ ታግድ ይባላል። ሁለቱ ዓይነት ስዊች በተደባለቀበት ቦታ፣ በስልክ ስትነጋገሩ ይህች ቃል ብቻ ግማሽ ሰዓት ትበላለች።

ከመሃል መጀመር

ፓኬቱ የሚሄድበትን መንገድ አንዴ እናስበው። ኮምፒውተሩ 10.1.20.40ን ሲፈልግ መጀመሪያ ማስኩን ያያል። «ይሄ የኔ ሰፈር አይደለም» ይላል። ፓኬቱን ለጌትዌዩ ይሰጣል። ስዊቹ ተቀብሎ በቪላን 20 በኩል ያወጣዋል። ሰርቨሩም መልሱን ሲልክ ያንኑ ያደርጋል፤ ማስኩን ያያል፣ ለራሱ ጌትዌይ ይሰጣል። ጉዞው ሁለት ነው ማለት ነው፤ መሄድና መመለስ። ሰው ሁሉ የሚፈትሸው መሄዱን ነው። እኔ ካየኋቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ የተሰበሩት መመለሱ ላይ ነበር።

ከኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ፒንግ («አለህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ መጠበቅ) በቂ ነው፤ በዚህ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ የራሱን ጌትዌይ 10.1.10.1። ቀጥሎ የማዶውን ጌትዌይ 10.1.20.1። መጨረሻ ላይ ሰርቨሩን።

የመጀመሪያው ካልሄደ ስለ ራውቲንግ (ከቪላን ወደ ቪላን ስለ ማሻገር) ማሰብ አቁሙ። ችግሩ ቪላን 10 ውስጥ ነው። ኬብል፣ ፖርት፣ ትራንክ ወይም ኤስቪአዩ ራሱ። ከታች ወደ ላይ ወደሚለው መንገድ ተሻገሩ።

የመጀመሪያው ሄዶ ሁለተኛው ካልሄደ፣ የሚጠረጠሩት ጥቂት ናቸው። ስዊቹ ላይ ራውቲንግ አልበራም። ወይም የቪላን 20 ኤስቪአይ ወድቋል። ወይም ቪላን 10 ላይ ኤሲኤል (ማን እንደሚያልፍ የሚወስን የፈቃድና የክልከላ ዝርዝር) አለ። ወይም ሁለቱ ኤስቪአዮች የተለያየ ቪአርኤፍ (በአንድ ስዊች ውስጥ ለብቻው የሆነ የራውት ሰንጠረዥ) ውስጥ ናቸው። አምስተኛውን ሰው ይረሳዋል፦ ኮምፒውተሩ ላይ ጌትዌይ አልተሞላም፣ ወይም የተሞላው ሌላ ቁጥር ነው። 10.1.10.1 እዚያው ሰፈር ስለሆነ ያለ ጌትዌይም ፒንግ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፒንግ መሄዱ ጌትዌይ መሞላቱን አያረጋግጥም።

ሁለቱም ሄደው ሰርቨሩ ብቻ ካልመለሰ ደስ ይበላችሁ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ስዊቹም ራውት እያደረገ ነው። ከስዊቹ ወደ ሰርቨሩ ያለው ግማሽ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ኮንሶሉ (የስዊቹ ትዕዛዝ መጻፊያ) ላይ ግቡና ከስዊቹ ራሱ ሰርቨሩን ሁለት ጊዜ ፒንግ አድርጉት። አንዴ ዝም ብሎ፦

ፒንግ 10.1.20.40

አንዴ ደግሞ መነሻውን ቪላን 10 አድርጎ፦

ፒንግ 10.1.20.40 ሶርስ ቪላን 10

ከአራቱም መንገዶች ውስጥ አንድ ፍተሻ ብቻ ምረጥ ብባል ይቺን ነው የምመርጠው። በመጀመሪያው ፒንግ ስዊቹ የሚነሳው ከ10.1.20.1 ነው። ለሰርቨሩ የሰፈሩ ሰው ነው፤ መልሱን ያለ ጌትዌይ ይልካል። በሁለተኛው ግን መነሻው 10.1.10.1 ነው። ሰርቨሩ መልሱን ለመስጠት ጌትዌዩን ማወቅ አለበት። የመጀመሪያው ሄዶ ሁለተኛው ካልሄደ መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ሦስት ነገር እዩ። ጌትዌዩን፣ ማስኩን፣ ፋየርዎሉን።

የዊንዶውስ ፋየርዎል እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያስቸግራል። በአንዳንድ ሁኔታ ፒንግ የሚመልሰው ከራሱ ሰብኔት (ከራሱ ሰፈር) ለመጣ ብቻ ነው። ከሌላ ቪላን ሲመጣ ዝም። ስዊቹ ጥፋት የለበትም፤ ወቀሳው ግን ሁልጊዜ እሱ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስዊች ላይ አፍጥጬ ቀርቻለሁ። ሰርቨሩ ከሱ ጋር ቪላን 20 ውስጥ ላሉት ይሰራል። ለቪላን 10 ዝም። በመጨረሻ የተገኘው ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ካርድ እንዳለው ነው። ሁለተኛው ለባክአፕ የተሰካ ነው። አንድ ሰው እሱም ላይ ጌትዌይ ሞልቶበታል። ጥያቄው በአንደኛው ካርድ ይገባል፣ መልሱ በሁለተኛው ይወጣና ይጠፋል። ያቺን ሶርስ ያላት ፒንግ ቀድሜ ብመታ ኖሮ በአምስት ሰከንድ ከስዊቹ ላይ እነሳ ነበር።

ፒንጉ ሲከሽፍ የሚጻፈውንም አንብቡት። «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» ካለ፣ ይህን የተናገረው ማን እንደሆነ ፊት ለፊቱ አድራሻው አለ። 10.1.10.1 ከሆነ ጌትዌዩ ፓኬቱን ተቀብሎ ማድረስ አቅቶታል። የራሱ የኮምፒውተሩ 10.1.10.25 ከሆነ ግን ፓኬቱ ከቤት አልወጣም። ኮምፒውተሩ በአርፕ («ይህ አድራሻ የማን ካርድ ነው?» ብሎ በሰፈሩ በመጣራት) ጠይቆ መልስ አላገኘም። «ሪክዌስት ታይምድ አውት» ከሆነ ዝምታ ነው። ወይ አንድ ቦታ ተጥሏል፣ ወይ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ሊኑክስ ላይ «ኔትወርክ ኢዝ አንሪቸብል» ካለ ብዙ አትድከሙ፤ ጌትዌይ የለም።

መልስ ሲመጣም ቲቲኤሉን (በየራውተሩ አንድ የሚቀንሰውን ቁጥር) እዩት። ዊንዶውስ በ128 ይነሳል፤ ሊኑክስ በ64። ሰርቨሩ ዊንዶውስ ሆኖ መልሱ በ127 ከመጣ አንድ ራውተር አልፏል፤ ልክ ነው። በ128 ከመጣ ምንም ራውተር አላለፈም። ያ ማለት ሌላ ቪላን ውስጥ ነው ያላችሁት ማሽን እዚሁ አጠገባችሁ ነው፣ ወይም የመለሰላችሁ ሌላ ማሽን ነው። ይህን አይቶ ሌላ ቀርቶ ኬብሉ የተሳሳተ ፖርት ላይ መሰካቱ ይታወቃል።

ማስክ ላይ አንድ ልጨምር፤ ተንኮለኛ ስለሆነ። ኮምፒውተሩ ላይ በስህተት 255.255.0.0 ተሞላ እንበል። ያኔ 10.1.20.40ን የራሱ ሰፈር አድርጎ ያስበዋል። ለጌትዌዩ አይሰጥም፤ በቀጥታ በአርፕ ይጣራል። መገናኘት አልነበረበትም። ግን የሲስኮ ስዊች ፕሮክሲ አርፕ በነባሪ በርቶ ነው የሚመጣው። ስዊቹ «እኔ ነኝ» ብሎ ይመልስለትና ነገሩ ይሰራል። ዓመት ሊሰራ ይችላል። አንድ ቀን አንድ ጠንቃቃ ሰው ለደህንነት ብሎ ፕሮክሲ አርፕን ሲያጠፋው፣ ማንም ያልነካቸው ኮምፒውተሮች ድንገት ከሌላው ቪላን ይቆረጣሉ። ኮንፊገሬሽኑ ደግሞ ከበፊቱ የተሻለ ነው!

የዚህ መንገድ ድክመት ምንድን ነው? ሁለት ነገር። አንደኛ ፒንግ ሲሄድ ሁሉም ደህና የሆነ ይመስላል። ፒንግ ሄዶ ፋይል ላይሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከኮምፒውተሩ ጫፍ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ማዶ ያለው ሰው «ፒንግ ምንድን ነው?» ካላችሁ በሌላ መንገድ መሄድ ሊሻል ይችላል።

ከኬብሉ ተነስቶ ወደ ላይ

ይህ የመጽሐፉ መንገድ ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ግን አያሳስትም። የምመርጠው የመጀመሪያው ፒንግ ሲከሽፍ ነው። አዲስ ስዊች ሲተከል ወይም ችግሩ አንድ ፎቅ ላይ ብቻ ሲሆንም እንደዚያው። ሁሉም ቪላኖች በአንዴ ከተቋረጡ ግን ከኬብል መጀመር ዕድሜ መጨረስ ነው።

መጀመሪያ ሾው ኢንተርፌስስ ስታተስ። ፖርቱ ኮኔክትድ ይላል? የቪላኑ ቁጥርስ 10 ነው ወይስ እንደመጣ 1 ላይ ቀርቷል? ቀጥሎ ሾው ማክ አድሬስ ቴብል። የኮምፒውተሩ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ የራሱ መለያ) እዚያ ካለና ቪላን 10 ላይ ከተጻፈ፣ ኬብሉም ፖርቱም ከጥርጣሬ ወጡ። ማክ አድራሻው ከ300 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ከሰንጠረዡ ስለሚወጣ ከማየታችሁ በፊት ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፒንግ ላኩ።

ሀብታሙ ክፍል ትራንኩ ነው። ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ ብላችሁ ስትመቱ የቪላን ዝርዝር ሦስት ጊዜ ይወጣል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ «ቪላን 20 አለ» ብሎ ያልፋል። የመጀመሪያው የተፈቀደውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሁለተኛው ከተፈቀዱት ውስጥ በዚህ ስዊች ላይ በእርግጥ ያለውን ነው። ሦስተኛው ስፓኒንግ ትሪም (ኬብሎች ክብ ሲሰሩ አንዱን መስመር የሚዘጋው) ያላገደውን፣ አሁን በትክክል የሚያልፈውን ነው። እውነቱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ቪላን 20 መጀመሪያው ላይ ኖሮ ሁለተኛው ላይ ከሌለ፣ ስዊቹ ላይ ቪላኑን መፍጠር ተረስቷል። በመሃል ያለ፣ ማንም ያልተሰካበት አሳላፊ ስዊች ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ትራንክ ላይ ቪላን 10 እና 20 ያልፋሉ። 30ን ልጨምር ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦

ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30

«አድ» የምትለዋን ቃል ዘለልኳት። ሲስኮ ይህን «ከዛሬ ጀምሮ 30 ብቻ» ብሎ ነው የሚረዳው። 10ም 20ም ተቆረጡ። እኔ ስዊቹን የምቆጣጠርበት ቪላንም አብሮ ሄደ። ስክሪኑ ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ላፕቶፕና የኮንሶል ኬብል ይዞ ሩጫ ነው። አሁን ያቺን ትዕዛዝ ስጽፍ ኢንተር ከመምታቴ በፊት እጄን አነሳለሁ።

ኔቲቭ ቪላንም አለ። ትራንክ ላይ ታግ (የቪላኑ ቁጥር ምልክት) ሳይለጠፍበት የሚያልፈው ቪላን ማለት ነው። በነባሪ 1 ነው። በአንዱ ጫፍ 1፣ በሌላው 10 ከሆነ፣ ከአንዱ ቪላን የወጣ ፓኬት ማዶ ሌላ ቪላን ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ሲስኮ ከሆኑና ሲዲፒ (የሲስኮ ስዊቾች ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚተዋወቁበት) ከበራ ሎጉ ላይ እየደጋገሙ ይጮሃሉ። ሎግ የማያይ ሰው ግን አይሰማም።

ኤስቪአዩ ላይ ሦስት ነገር መሟላት አለበት። ቪላኑ መፈጠር፣ ኢንተርፌሱ ሻትዳውን አለመሆን፣ በቪላኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ ፖርት በርቶ ማስተላለፍ። ሦስተኛው ለሙከራ ቤት ውስጥ ለሚሰሩ ወጥመድ ነው። አዲስ ቪላን ይፈጥራሉ፣ ኤስቪአይ ይጽፋሉ፣ ፕሮቶኮሉ ዳውን ነው ይላቸዋል። ስህተት ፍለጋ ይገባሉ። ስህተት የለም። ማንም ስላልተሰካበት ነው። አንድ ኮምፒውተር ሰክታችሁ ትንሽ ጠብቁ።

ኮንፊገሬሽኑን ማንበብ

«ትናንት ይሰራ ነበር» የሚል ቃል ከሰማሁ ከመሃል መጀመሩን እተወዋለሁ። የትናንቱ ኮንፊገሬሽን በባክአፕ ካለ፣ ከዛሬው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ማየት ከሁሉ ይፈጥናል። ባክአፕ ከሌለ ግን ይህ መንገድ ደካማ ነው። ዓይን ማየት የሚፈልገውን ነው የሚያየው። በተለይ የራሳችሁን ጽሁፍ ስታነቡ።

እያነበባችሁ የምትፈልጉት አራት ነገር ነው።

አንደኛ አይፒ ራውቲንግ የሚለው መስመር። በብዙ ካታሊስት ስዊቾች ላይ በነባሪ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሲጠፋ ስዊቹ ሁለት ኤስቪአይ ቢኖረውም በመሃላቸው አያሻግርም። ምልክቱ ሾው አይፒ ራውት ላይ ግልጽ ነው። የራውት ሰንጠረዥ ትጠብቃላችሁ፤ የሚወጣው ግን ስለ ዲፎልት ጌትዌይ አንድ መስመርና ባዶ የሪዳይሬክት ዝርዝር ነው። ካታሊስት 2960 ላይ ደግሞ መጀመሪያ ኤስዲኤም ቴምፕሌቱን (የስዊቹን የሜሞሪ አከፋፈል) ወደ ላንቤዝ ራውቲንግ ቀይሮ ሪሎድ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ የስዊቹ የራሱ መውጫ። አይፒ ዲፎልት ጌትዌይ የሚለው ትዕዛዝ የሚሰራው ራውቲንግ ሲጠፋ ብቻ ነው። ራውቲንግ ባበራችሁበት ቅጽበት ያ መስመር ፋይሉ ላይ ይቀመጣል እንጂ ሥራ ያቆማል። በምትኩ ወደ 0.0.0.0 (ሌላ ቦታ ሁሉ ማለት ነው) የሚሄድ ስታቲክ ራውት፣ በእጅ የተጻፈ መንገድ፣ ያስፈልጋል። ቪላኖቹ እርስ በርስ መገናኘት ጀምረው ኢንተርኔት የተቋረጠባችሁ ከሆነ፣ ከዚህ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ሦስተኛ ኤሲኤል። አቅጣጫው ሰውን ያምታታል። ራሳችሁን ስዊቹ ውስጥ ቁጭ አድርጉት። ኤስቪአይ 10 ላይ «ኢን» ማለት ከቪላን 10 ኮምፒውተሮች ወደናንተ የሚገባ ነው። «አውት» ማለት ከናንተ ወደነሱ የሚወጣ ነው። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያልተጻፈ «ሁሉንም ከልክል» አለ። ደግሞም ይህ ኤሲኤል ማን እንደጀመረ አያስታውስም። ቪላን 20 ወደ 10 እንዳይሄድ ከከለከላችሁ፣ ሰርቨሩ ለ10 የሚሰጠውን መልስም አብራችሁ ከልክላችኋል። ቅድም ያልናት ሶርስ ያላት ፒንግ እዚህም ታግዛለች። ስዊቹ ራሱ የሚያመነጨው ፓኬት በኤስቪአይ 10 በኩል ስለማይገባ፣ እዚያ «ኢን» ላይ ያለው ኤሲኤል አያገኘውም። ከስዊቹ ሄዶ ከኮምፒውተሩ ካልሄደ፣ ያን ኤሲኤል ወይም የኮምፒውተሩን ጌትዌይ ጠርጥሩ።

አራተኛ ቪአርኤፍ። ካላችሁ ታውቁታላችሁ። ሾው አይፒ ራውት ብቻ ብትመቱ ቪአርኤፍ ውስጥ ያለውን አያሳይም፤ ስሙን መጨመር ያስፈልጋል።

ትናንት ይሰራ የነበረው መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ከቆመ ደግሞ ጥርጣሬው ሌላ ነው። አንድ ሰው ከወራት በፊት አስተካክሎ ሴቭ አላደረገም። ስዊቹ የተነሳው በአሮጌው ኮንፊገሬሽን ነው።

ፓኬቱን ይዞ ማየት

ዋየርሻርክ (ፓኬት ይዞ የሚያሳይ ፕሮግራም) ከሁሉ የበለጠ እውነት ይናገራል። ከሁሉ የበለጠም ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ለሁለት ሁኔታ አስቀምጠዋለሁ። ፒንግ እየሄደ ፕሮግራሙ ካልሰራ፣ እና የሰርቨሩ ሰው «ኔትወርክ ነው» እኔ ደግሞ «ሰርቨር ነው» ብለን ከተፋጠጥን።

የት እንደሚያዝ መምረጥ ግማሽ ሥራው ነው። እኔ ሰርቨሩ ላይ ነው የምጀምረው። ጥያቄው ደርሷል? ካልደረሰ መሄዱ ላይ ነው ችግሩ። ደርሶ ሰርቨሩ ካልመለሰ ሰርቨሩ ላይ ነው። ደርሶ፣ መልሶ፣ ኮምፒውተሩ ጋ ካልገባ መመለሱ ላይ ነው። ሦስት ጥያቄ ነው። ክርክሩም እዚያው ያልቃል። ሰርቨሩን መንካት ካልተፈቀደላችሁ ስፓን አዋቅሩና የፖርቱን ቅጂ ወደ ላፕቶፓችሁ ውሰዱ። ላፕቶፑ ላይ የቪላን ታግ ካላያችሁ አትደንግጡ። አክሰስ ፖርት (አንድ ቪላን ብቻ ያለበት ፖርት) ላይ ታግ አይኖርም፤ ትራንክ ላይም ቢሆን ብዙ የዊንዶውስ የካርድ ድራይቨሮች ታጉን አውልቀው ነው የሚያቀብሉት።

ስዊቹ ላይ ዲባግ አይፒ ፓኬት አብርቶ ማየት አማራጭ ይመስላል። አይደለም። ሌየር ስሪ ስዊች ፓኬት የሚያሻግረው በሃርድዌር ነው፤ ሲፒዩው አያየውም። ዲባጉ ባዶ ሲሆን «ፓኬቱ አልደረሰም» ትላላችሁ፤ እሱ ግን እያለፈ ነው። ሲፒዩው ጋ የሚደርሰው ብዙ ከሆነ ደግሞ ዲባጉ ስዊቹን ያንቀዋል። ሥራ ላይ ባለ ስዊች ላይ አልመክርም።

ፒንግ ሄዶ ትልቅ ፋይል ካልሄደ፣ ከዋየርሻርክ በፊት አንድ አጭር ፍተሻ አለ። ዊንዶውስ ላይ ፒንጉን እንዳይቆራረጥ አዝዛችሁ በ1472 ባይት ላኩት። ከ28 ባይት ራስጌ ጋር 1500 ይሞላል። ትንሹ ሄዶ ይሄ ካልሄደ መንገዱ ላይ ኤምቲዩው (በአንዴ የሚያልፈው የፓኬት ትልቁ መጠን) ጠቧል።

ኮምፒውተሩ 169.254 የሚል አድራሻ ይዞ ከተገኘ ደግሞ ፓኬት መያዝም አያስፈልግም። ዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ የሚያድለው አገልግሎት) አልደረሰውም። ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ሌላ ቪላን ውስጥ ከሆነ ጥያቄው ብሮድካስት (ለሰፈሩ ሁሉ የሚላክ ጥሪ) ስለሆነ ብቻውን አይሻገርም። በኮምፒውተሩ ቪላን ኤስቪአይ ላይ አይፒ ሄልፐር አድሬስ (ጥያቄውን ወደ ሰርቨሩ የሚያሻግረውን ትዕዛዝ) ጻፉ። በሰርቨሩ በኩል መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው።

ጌትዌዩ ስዊቹ ላይ ካልሆነስ?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሁለቱም ጌትዌይ ስዊቹ ላይ ሲሆን ነው። አንዳንድ ኔትወርክ ላይ ጌትዌዩ ፋየርዎል ነው። አንዳንዱ ላይ በአንድ ትራንክ የተሰካ ራውተር ነው። ለፍተሻ ብቻ ካያችሁት ስዊቹ ይቀላል፤ ፒንጉም ሰንጠረዡም ማክ አድራሻውም አንድ ቦታ ነው። ፋየርዎል ግን ማን ምን እንደከለከለ በሎግ ይነግራችኋል፤ ኤሲኤል እንዲህ ያለ ዝርዝር በነባሪ አይሰጥም። ቪላኖቹ መሃል ጥብቅ ቁጥጥር የሚፈለግ ከሆነ ፋየርዎሉ ይሻላል። ፍጥነት የሚፈለግ ከሆነ ስዊቹ። በአንድ ትራንክ ያለ ራውተር ለጥቂት ተጠቃሚ ይበቃል፤ ሁሉም በአንዲት ኬብል ሄዶ በዚያው ስለሚመለስ ግን ቶሎ ይሞላል።

የማልመክረው ግማሹን ጌትዌይ ስዊቹ ላይ፣ ግማሹን ፋየርዎሉ ላይ አድርጎ ሁለቱም ላይ የሁሉንም ቪላን አድራሻ መጻፍ ነው። ጥያቄው በስዊቹ ይሄዳል፣ መልሱ በፋየርዎሉ ይመለሳል። ፋየርዎሉ የግንኙነቱን መጀመሪያ አላየምና መልሱን ይጥለዋል። ከመሃል ብትጀምሩ ከሦስቱ ፒንግ ሁለቱ ደህና ናቸው። ፒንግ ራሱ አንዳንዴ ይሄዳል፤ ቲሲፒው ብቻ ይሞታል። እንዲህ ዓይነቱ ላይ ከሆናችሁ ሌላውን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ዋየርሻርክ ሂዱ። ሰርቨሩ ሲን (የቲሲፒ መክፈቻ ጥያቄ) ተቀብሎ ሲን አክ (የዚያን መልስ) ሲልክ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ያ ሲን አክ ሳይገባ ታያላችሁ።

ሰርቨር ቀይራችሁ በአሮጌው አይፒ ካስገባችሁት ደግሞ አንድ ነገር ይቀራል። ሲስኮ የአርፕ መዝገቡን በነባሪ 4 ሰዓት ነው የሚያቆየው። ስዊቹ የአሮጌውን ማክ አድራሻ ይዞ ሊቀር ይችላል። ክሊር አርፕ ብላችሁ ፒንጉን ድገሙት። ከሄደ፣ ላፕቶፑን ከመዝጋታችሁ በፊት ለፍተሻ ያነሳችሁትን ኤሲኤል መልሱና ኮንፊገሬሽኑ ሴቭ እንዲሆን ራይት ሜሞሪ ምቱ።